ማስተካከያ፦ ሙላቱ አስታጥቄ እና «ብሮክን ፍላወርስ»

የፊልም ሙዚቃ ወዳጆች ሰሞኑን ስለሚያዳምጡት የሰጡትን አስተያየት ባሰባሰብኩበት ጽሑፌ፣ የኢትዮ-ጃዝ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2005 ለወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሙዚቃ እንደደረሰ አድርጌ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በፊልሙ የሚሰሙት የሙላቱ ሥራዎች «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» ለዚያ ፊልም አልተደረሱም። ፊልሙ ከመሠራቱ ከ30 ዓመት በላይ ቀድመው የተቀረጹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን ዳግም በሚያሳትመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛ አልበም ላይ ዳግም ታትመዋል። ጃርሙሽ የወሰደው በእጃችን የነበረውን ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ሥራው የተወለደበትን ዘመን መንጠቅ ነውና።

በፊልሙ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ዊንስተን ለዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ለመንገደኛው ዶን፣ የእነዚህን ሙዚቃዎች ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ዶን መኪናው ውስጥ ሲከተው የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ቀስ ብለው ይገባሉ፣ የአሜሪካ አውራ ጎዳና በአንድ ጊዜ ትዝታ ትዝታ ይላል። ምናልባት ያሳሳተኝ ይህ መግጠሙ ነው። ሙዚቃው ለዚያ መንገድ የተሰፋ ይመስላል።

በፊልሙ የሌሎችም ሥራዎች፣ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የገብርኤል ፎሬ «ሬኩዊየም» (ለሙታን የሚዜም የጸሎት ሙዚቃ) ጭምር፣ ይሰማሉ። ይህንንም ሳልጠቅስ አልፌ ነበር።