ሰልፍ ለሚጥሱ ሁሉ ምስጋና

ሐሙስ ማታ ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ስትጠብቁ የነበራችሁ፣ ይህ ምስጋና የጋራችን ነው። እዚያ የሥነ ልቦና ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ክፍያው ካፊያ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተራቡ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ፣ ምግቡን ውጭ ያስቀምጥ ነበር። ድመቶቹ በሩን የከፈተላቸውን ዘዴ እየደገሙ፣ ያልከፈተላቸውን እየተዉ እንደሚሄዱ በ1898 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ምስኪን! በድመት ጥፍር ከሚቧጨር የእኛን ሰውዬ ባገኘ!

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ «ቀብር አለብኝ» አለ፤ ጋቢና ተሰጠው። በማግስቱ ሌላ ዘመድ ሞተበት፤ ጋቢና። ከዚያ አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ባል አለቁ። ተራ አስከባሪው መጠራጠር ሲጀምር ቀብሩን ትቶ ማነከስ ያዘ፤ አንዴ በቀኙ፣ አንዴ በግራው። እንደ ተራ አስከባሪው ሁኔታ «ወላሂ» ይላል፣ «በማርያም» ይላል። ሐሙስ ዕለት ሁሉንም አዋህዶ፣ እያነከሰም እያለቀሰም ስልክ እያወራ መጣ። «ሬሳው ወጣ እንዴ?» ይላል፣ ስልኩን ዘቅዝቆ ይዞ። በጨለማ ማን ሬሳ ያወጣል ብሎ የጠየቀው የለም። «አብሽር ወንድሜ» ተብሎ ጋቢና ገባ። የሐረጎን ቁልቁለት እስኪወርዱ ሲስቅ ነበር አሉ።

ተራ አስከባሪውም እየሠለጠነ ነው። እሺ ሲል ጩኸቱ ይቆምለታል፣ ጆሮው ያርፋል፤ ነገም እሺ ይላል። ይሄ አሉታዊ ማጠናከሪያ ይባላል። ብዙ ሰው ከቅጣት ጋር ያምታታዋል። ቅጣቱማ የእኛ ድርሻ ነው፤ ሰልፍ ለያዘ ብርድና «ሞልቷል!»። አልፎ አልፎ ሰውዬውን እምቢ ማለቱ ደግሞ ጥበብ ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር እንዳሳየው፣ ሽልማቱ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ ሲቀር ልማዱ በቀላሉ አይለቅም።

ሰልፉ ውስጥ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። መኪና ሲሞላባት፣ ሌላው ሲሞላባት ዝም ብላ ቆማለች። ልጁ በስብሷል። ነውር ነው! እሷን አቁሞ ውሸታም ማሳፈር ነውር ነው፤ እያየን ዝም ያልነውም ያው ነን።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ከኋላዬ የቆመው ወጣት ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ በየትኛው እግሩ ነው ያነከሰው?» አለኝ።

«በግራው» አልኩት።