ፈቃዱ ይቅደም ወይስ ገበያው?

የክርክሩ መነሻ አጭር ነው። አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ወጣት ከደመወዟ ያጠራቀመችው ጥቂት ገንዘብ አላት፤ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ የራሷን ሥራ መጀመር ትፈልጋለች። ከምን ትነሳ? ለነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ በመያዝ የሚተዳደሩ አንድ ባለሙያና በባልትና ሥራ የቆዩ አንዲት ነጋዴ በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

የሂሳብ ባለሙያው፦

ከወረቀቷ ትነሳ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይዙ መነገድን ይከለክላል። ሕጉ ይህን ካለ በኋላ “ትንሽ ልሞክርና አያለሁ” የሚል ምክር ለወጣት መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ሂደቱም ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ታወጣለች፣ የንግድ ምዝገባዋን ትፈጽማለች። የንግድ ስም ከፈለገች ስሙን ሌላ ሰው ያልያዘው መሆኑ ታይቶ ይመዘገብላታል። ሥራዋ ምግብ ስለሆነ የብቃት ማረጋገጫ ትጠየቃለች፤ እሱን አሟልታ ፈቃዷን ትወስዳለች። በዚያው ሳምንት ከግል ገንዘቧ የተለየ የባንክ ሂሳብ ትክፈት። እኔ ካየኋቸው ጀማሪዎች ብዙዎቹን ያሳሳታቸው የቤት ወጪና የሥራ ገንዘብ በአንድ ቦርሳ መዋሉ ነው።

ወረቀት የሚጠቅመው ከቅጣት ለመዳን ብቻ አይደለም። ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ ለሱፐርማርኬትም ሆነ ለሆቴል መሸጥ ይቸግረዋል፤ የገዢው ሂሳብ ሹም ያለ ደረሰኝ የተከፈለን ገንዘብ ወጪ ብሎ ለግብር ማቅረብ አይችልምና። ያኔ ለወጣቷ የሚቀርላት ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤት ደግሞ በዱቤ ይወስዳል።

የባልትና ነጋዴዋ፦

ወንድሜ ስለ ወረቀት የጻፉትን አልነቅፍም፤ የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። ፈቃድ ማውጣቱ ቀላል መሆኑን ነገሩን፤ መዝጋቱን ግን አላነሱትም። ፈቃድ የያዘ ሰው ሸጠም አልሸጠም በየዓመቱ ያድሳል፣ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። አልሆነልኝም ብሎ ፈቃዱን ሊመልስ ሲሄድ ከግብር ዕዳ ነፃ የሆነበትን ማስረጃ ይጠየቃል። ሥራው ከቆመ በኋላ ፈቃዱን ሳይመልሱ ተቀምጠው ዕዳና ቅጣት የተከመረባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እርስዎም መዝገባቸውን ሳያዩ አይቀሩም።

እኔ ይህቺን ልጅ መጀመሪያ የምጠይቃት “የአንድ ኪሎ በርበሬሽ ዋጋ ስንት ነው?” ብዬ ነው። ወደ መርካቶ በርበሬ ተራ ሄዳ ዛላውን ታገላብጥ። ደረቅ በርበሬ ጨብጠው ሲያሹት ይንኮሻኮሻል፤ ክብደቱ እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት ግን እጅ ላይ ይተጣጠፋል። ያንን የገዛች ሰው የገዛችው ውሃ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ካሳደረችው ደግሞ ይሻግታል።

አሁን እናስላ። ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ብቻ ውሰዷቸው። 10 ኪሎ ዛላ በርበሬ፣ ኪሎውን በ500 ብር፣ 5,000 ብር ነው። የተበላሸው ተለቅሞ፣ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ 8 ኪሎ ቀረ እንበል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጨው 1,200 ብር ፈጅተው አንድ ኪሎ ጨመሩ። ወፍጮ 300፣ ትራንስፖርት 400፣ ማሸጊያ 180። ድምሩ 7,080 ብር ለ9 ኪሎ፤ አንዱ ኪሎ 786 ብር ከሳንቲም ወጣበት ማለት ነው። “በ500 ገዝቼ በ700 ሸጥኩ፣ 200 ብር አተረፍኩ” የምትል ልጅ በዚህች በአንዲት ዙር 780 ብር ከስራለች። ቁጭ ብላ የቀነጠሰችበት ጉልበት እዚህ ውስጥ አልገባም። ይህንን ሳታውቅ ፈቃድ ብታወጣ፣ ፈቃድ ያላት ከሳሪ ትሆናለች።

የሂሳብ ባለሙያው፦

ስሌቱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ለደንበኞቼም ባሳየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን እህቴ፣ ይህ ስሌት ለመሠራት ሽያጭ አያስፈልገውም። ለቤቷ አሥር ኪሎ አዘጋጅታ በሚዛንና በደብተር ልታውቀው ትችላለች። ለጎረቤት በትርፍ መሸጥ ስትጀምር ግን ነግዳለች፤ ሕጉ ዘመድና ጎረቤትን ለይቶ አላስቀረም። ዕቃዋ ቢወረስና ብትቀጣ ያንን ትንሽ ጥሪት ማን ይመልስላታል?

ሁለተኛ፣ ይህ የሚበላ ነገር ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ ተገኘ የሚል ዜና ሕዝባችን ደጋግሞ ሰምቷል። ሸማቹ ማሸጊያውን አገላብጦ የአዘጋጁን ስምና አድራሻ ቢፈልግ እውነት አለው። በሚገባ ሳይደርቅ በተከማቸ በርበሬ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበት ይጎዳል፤ ምግቡን ማብሰልም በቀላሉ አያጠፋውም። ዘመድ አሜሪካና አውሮፓ የሚልከው በርበሬ ደግሞ ወራት ተቀምጦ ነው የሚበላው። የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ልጅቷን ለማንገላታት አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ካፒታል ነው። አዝመራው በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያልገዛ ሰው ለፋሲካና ለክረምት በውድ ይገዛል። ያን ጊዜ ለመግዛት ጠርቀም ያለ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ብድር ተቋም ደግሞ በቅድሚያ የሚጠይቀው የጸና ፈቃድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ቤትና መኪና የሌላት ልጅ ነገ የመፍጫ ማሽኗን ልታስይዝ ትችላለች፤ ግን በሕግ የምትታወቅ ነጋዴ ስትሆን ነው።

የባልትና ነጋዴዋ፦

ስለ ሻጋታው የጻፉት ትክክል ነው፤ ልጆቻችን የሚበሉት ነውና እኔም ቀልድ አላውቅበትም። ስለ ጎረቤት ሽያጭ ያነሱትንም ሰምቻለሁ። እንግዲያው ሌላ መንገድ ላሳይዎት። ሠራተኛ የሆኑ እናቶች በርበሬ ለማዘጋጀት ጊዜ የላቸውም። በርበሬውንም ቅመሙንም ራሳቸው ይግዙ፤ ልጅቷ እቤታቸው ሄዳ ታዘጋጅላቸው። ከአንድ ኪሎ ዛላ ምን ያህል እንደሚጎድል በእጇ ታውቃለች፣ የማን ቤት ቅመም እንደሚበዛ፣ ማን ደቃቅ ማን ሻካራ እንደሚወድ ትማራለች። ከጥሪቷ አንድ ብር አይነካም።

ብድሩን በተመለከተ አልስማማም። ገና ደንበኛ የሌላት ልጅ በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ይዛ ለምን ትጀምር? ዕቁብ ትግባ። ዕጣው ቀደም ብሎ ከደረሳት ወለድ የሌለው ብድር አገኘች፤ ቢዘገይ ቆጠበች። ዳኛውና ዋሱ ስላሉ መክፈሏን አታቋርጥም፤ ይህ ለጀማሪ ትልቅ ልምምድ ነው። የኅዳሩን በርበሬ በዕቁብ የገዙ ሴቶች ሞልተዋል።

የሂሳብ ባለሙያው፦

እቤታቸው ሄዳ ማዘጋጀቷን ለመማሪያ ያህል እቀበለዋለሁ። ክፍያ መቀበል ከጀመረች ግን አገልግሎት ሸጠች፤ እዚያም ወረቀቱ ይመጣል። ዕቁቡንም አልጠላም። የምፈራው የደረሳትን ገንዘብ ለቤት ኪራይ ወይም ለሠርግ ስጦታ እንዳታውለው ነው። ለዚህ ነው የተለየ የባንክ ሂሳብ ላይ አጥብቄ የምከራከረው።

አንድ ነገር ልጨምር። በግለሰብ ነጋዴነት ስትመዘገብ የንግዱ ዕዳ የግል ንብረቷንም ይነካል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ዕዳው የባለቤቱን የግል ንብረት የማይነካ ድርጅት፣ እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለአሥር ኪሎ በርበሬ አያስፈልጋትም፤ ሠራተኛ ቀጥራ በብድር መነገድ ስትጀምር ግን ታስብበት። ከጓደኛ ጋር ከሆነ የምትጀምረው፣ ማን ስንት እንዳዋጣና ማን ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ሳይሰፍር አንድ ኪሎ እንዳይገዙ። ተዋደው ጀምረው በፍርድ ቤት የተለያዩ ብዙ አይቻለሁ።

ጊዜውንም ታስላ። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በግንቦት ከምታወጣ ሐምሌ ሲገባ ብታወጣ ሙሉ የበጀት ዓመት ትሠራበታለች።

የባልትና ነጋዴዋ፦

የጽሑፍ ውሉን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ለእህትማማቾችም ቢሆን። የሐምሌውንም ምክር ትውሰድ።

አንድ የቀረን ልዩነት አለ፤ እሱን ደብቄ አላልፍም። ፈቃድ ያወጣ ሰው ወዲያው ሱቅ ፍለጋ ይሄዳል፤ አከራዩ የብዙ ወር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ሚዛን፣ መደርደሪያና ማስታወቂያ ይከተላል። በርበሬው ሳይገዛ ገንዘቡ ያልቃል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ልጅቷ አስፋልት ዳር ያለ ሱቅ አትከራይ። ያዘጋጀችላቸው ቤቶች ሳትለምናቸው ተመልሰው እስኪጠሯት ትጠብቅ። ሲጠሯት፣ በዚያው ሳምንት ሄዳ እርስዎ የዘረዘሩትን ሁሉ ታውጣ፤ አንድ ቀን አታሳድር። ካልጠሯት ግን ቅመሟን ታስተካክል እንጂ ወደ ንግድ ቢሮ አትሂድ።