ጥይቱን ስናወራ አቧራውን ረሳነው

አሜሪካ፣ ቨርሞንት ግዛት ውስጥ ባሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሆፕ በሚባለው መካነ መቃብሯ ውስጥ አንድ ሪዛም ሰውዬ ከግራናይት ተፈልፍሎ ተቀምጧል። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፎ ይተክዛል። የልብሱ እጥፋት ሳይቀር ይታያል። አጠገቡ የሙያ መሣሪያዎቹ አሉ። ኤሊያ ኮርቲ ይባላል፤ ከጣሊያን የሄደ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሐውልቱን የሠሩለት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው።

ጣሊያን ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን አድዋ ነው። ወደ ባሪ የሄዱት ጣሊያኖች ግን አገራቸው አላኖር ብሏቸው የወጡ ሠራተኞች ናቸው። የአድዋ ሽንፈት ሲሰማ እዚያው ጣሊያን ውስጥ «ምኒልክ ለዘላለም ይኑር» እያለ አደባባይ የወጣ ሕዝብ እንደነበር አንርሳ።

ባሪ ባቡር የገባላት በ1875 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1880 ነዋሪዋ 2,000 ገደማ ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ ከ8,000 አለፈ። የአካባቢው ግራናይት ስኮትላንዶችን ጠራ፣ ከዚያ ጣሊያኖችን። ኮርቲ ከተማዋ ላይ አሻራውን ጥሏል፤ በ1899 የቆመው የስኮትላንዱ ገጣሚ ሮበርት በርንስ ሐውልት መቀመጫ ላይ ያሉት ቅርጾች የእሱ እጅ ናቸው። ጣሊያኖቹ በ1900 የራሳቸውን የሠራተኞች አዳራሽ በነፃ ጉልበታቸው ገነቡ። በ1903 እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሶሻሊስቶችና አናርኪስቶች (መንግሥት የሚባል ነገር ጭራሽ አያስፈልግም የሚሉ) ተጣሉ። ጥይት ተተኮሰ። ኮርቲ ተመትቶ ሞተ።

ስለ ባሪ ሲወራ የሚነገረው ይኼ ታሪክ ነው። ግድያ አለበት፣ ፖለቲካ አለበት፣ የሚያምር ሐውልት አለበት። እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላው ነው። የባሪን ጠራቢዎች የጨረሰው ጥይት ሳይሆን አቧራ ነው።

ብዙዎቹ አገራቸው የለመዱት እብነ በረድ ነበር። ግራናይት ግን ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ማዕድን አለበት። ሲፈጭ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆንና ሳምባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳምባው ይጠጥራል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ ይከተለዋል። የቨርሞንት ክረምት ደግሞ በረዶ ነው፤ ሥራው በተዘጋ ሼድ ውስጥ ነበር። በአየር ግፊት የሚሠራው መሣሪያ ሲመጣ ሥራው ፈጠነ፣ አቧራውም በዚያው ልክ በዛ። ሚስቶች ገና በወጣትነታቸው መበለት ሆኑ። ኑሮን ለመግፋት ቤታቸውን ለተከራይ ከፈቱ፤ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን ተደብቀው ወይን የሸጡም ነበሩ። (ባሏ ሞቶባት አረቄ አውጥታ ልጆች ያሳደገች እናት ለእኛ እንግዳ አይደለችም።)

የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሙያዎች ባሪን አጥንተው በ1929 ጉዳዩን በጽሑፍ አወጡት። አቧራውን የሚመጥ መሣሪያ በየሼዱ የተገጠመው ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። መከላከያው ሳይጠፋ ስንቱ በመሃል አለቀ!

ይህን የማነሳው አዲስ አበባ ላይ የሚቆረጠውን ግራናይት እያየሁ ነው። ሕንፃ በበዛበት ሰፈር ሁሉ አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሎ ሰሌዳውን በማሽን ይቆርጣል። ነጭ ደመና ይውጠዋል። አፉ ላይ ያለው ሻሽ ነው፣ እሱም ካለ። ሻሽ ይኼን ብናኝ አያግድም። ሥራው ሲያልቅ ሕንፃው ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል። ልጁ ሌላ ሳይት ሄዷል። በሽታው ዓመታት ቆይቶ ስለሚመጣ ያኔ ማንም ከዚያ ሕንፃ ጋር አያያይዘውም። ለአሠሪ የሚመቸውም ይኼው ነው።

ድንጋዩን በውሃ እያራሱ መቁረጥ አቧራውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ቱቦና በርሜል ውሃ፣ ላዩ ላይ ደህና ማስክ ቢጨመር ከግራናይቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ኮንትራክተሩ በፈቃዱ አያወጣትም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ጠራቢውን «ተጠንቀቅ» እንድንለው አይደለም። ጨረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሰነዱ ውስጥ ያስገባው፤ ክፍያ ከማጽደቁ በፊትም ሰው ልኮ ሳይቱን ያሳይ።