ለአማተር ቴአትር፣ ከባነር በፊት ሁለት ምሽት

በወጣት ማዕከል አዳራሽ የታየ የአማተር ክበብ ተውኔት ሲበላሽ ወቀሳው የሚያርፈው ተዋናዩ ላይ ነው። «ቃሉን አላጠናም» ይባላል። ቃለ ተውኔቱን የማያውቅ አማተር ግን ብርቅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ሲለማመድ ከርሞ የጓደኛውን ንግግር ጭምር ይዞታል። የሚደናገረው መብራቱ ባልታሰበ ቦታ ሲጠፋበት፣ ሊያነሳው የነበረው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ሲታጣ፣ በልምምድ ጊዜ ስድስት እርምጃ የነበረው መንገድ መድረኩ ላይ ሦስት ሲሆንበት ነው። መድረኩን ያየው በዕለቱ ጠዋት ነዋ።

አዳራሽ የሚያስተዳድሩ ጽሕፈት ቤቶች ለአንድ ክበብ ከትርኢቱ ቀን በፊት ሁለት ምሽት መድረኩን ሊለቁለት ይገባል። ክበቡም በፈንታው ተውኔቱ በተመረጠ ቀን የመድረክ መሪ፣ ማለትም በትርኢቱ ሰዓት የመብራትና የድምፅ ምልክት የሚጠራ ሰው፣ ይሰይም። ይህ ሁለቱ ሳይሟላ ስለ ቴአትር ዕድገት የሚደረገው ንግግር ሁሉ ከባዶ አዳራሽ ጋር መነጋገር ነው።

የሰው አዳራሽ ተውሶ መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። የአማርኛ ቴአትር መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት የታየው ሆቴል ውስጥ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ሕንፃው በጣሊያን ዘመን የተጀመረው ለሲኒማ ነበር። ችግሩ የአዳራሹ ዓይነት ሳይሆን የጊዜው ማጠር ነው።

የቀበሌና የወጣት ማዕከል አዳራሾች የተሠሩት ለስብሰባ ነው። መድረኩ ከፍ ይላል፣ ጎንና ጎኑ ግን ግድግዳ ነው፤ ተዋናይ ተሸሽጎ የሚጠብቅበት ቦታ የለም። ብዙ ጊዜ መግቢያው አንድ በር ብቻ ነው። ስለዚህ በቀኝ የወጣ ሰው በግራ ተመልሶ መግባት አይችልም፣ አዘጋጁ ደግሞ ይህን የሚያውቀው ትርኢቱ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከኋላው ግድግዳ ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ፈቀቅ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ይወጠርና ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ከጀርባው መተላለፊያ ይገኛል። ጨርቁ ስስ ከሆነ የኋላ ሰዎች በእጅ ባትሪ ሲንቀሳቀሱ ጥላቸው ለተመልካች ይታያል። የመድረኩ ስፋት፣ ጥልቀትና ከፍታ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በሜትር ተለክቶ፣ ልምምዱ በሚካሄድበት ክፍል ወለል ላይ በጠመኔ ወይም በባለቀለም ፕላስተር መሰመር አለበት። በሩ፣ ሶፋው፣ ደረጃው ሁሉ እዚያው ይሳላል። የሦስት እርምጃው ነገር በዚህ ያልቃል።

የመድረክ መሪነት በብዙ ክበቦች ገጸ ባሕርይ ላልደረሰው ልጅ እንደ ማጽናኛ ይሰጣል። ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል። ይህ ሰው ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ከአዘጋጁም በላይ ነው፤ አዘጋጁ በዚያ ሰዓት ተመልካች መሃል ተቀምጦ ዝም ማለት ይኖርበታል። የመሪው መሣሪያ አንድ መዝገብ ነው። ተውኔቱ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ይታተምና ትይዩው ያለው ባዶ ገጽ ለምልክት ይተዋል። የመብራት ምልክት «መ1፣ መ2»፣ የድምፅ «ድ1፣ ድ2» እየተባለ በእርሳስ ይጻፋል፤ በእስክሪብቶ አይሆንም፣ እስከ መጨረሻው ምሽት ይቀያየራልና። እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ የተወሰነ ቃል ጋር ይታሰራል። «ስታዝን መብራቱ ይቀዝቅዝ» የሚል ማስታወሻ ዋጋ የለውም፣ መቼ እንደምታዝን መብራት የያዘው ልጅ በምን ያውቃል? «‹አልመጣም› ስትል መ14» ተብሎ መጻፍ አለበት። ጥሪውም ሁለት ደረጃ አለው፤ ግማሽ ገጽ ሲቀር «መ14 ተዘጋጅ»፣ ቃሉ ሲደርስ «ሂድ»። «ሂድ» የምትለዋ ቃል ለሌላ ነገር በፍጹም አትነገርም። ከኋላ ሆኖ «እሺ ሂድ ውሃ አምጣ» ያለ ሰው መብራት አስጠፍቶ ያውቃል።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሒሳብ ይፈልጋል። ባለ 500 ዋት ሃሎጂን መብራት ስምንት ቢሰቀል 4000 ዋት ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል ከ18 አምፔር ይበልጣል። የአዳራሹ የሶኬት መስመር ባለ 16 አምፔር ብሬከር ካለው፣ ብሬከሩ ትርኢቱ እስኪሞቅ ጠብቆ ሊወርድና መብራቱን ሊያጠፋ ይችላል። ጠዋት አንድ በአንድ ሲሞከሩ ሁሉም ስለሚሠሩ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ የትኛው ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደሚመጣ አስቀድሞ በማውረድና በማንሳት ይለያል፣ ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል፣ አምፕሊፋየሩ ብቻውን በሌላ መስመር ይሆናል፤ ከመብራት ጋር ከተጣመረ ያጉረመርማል። ከአዳራሹ ጀርባ ቡና የሚያፈሉ እናቶች የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን የሰኩት የት እንደሆነ መጠየቅም ነውር የለውም፤ እሷ ምድጃ ብቻዋን ወደ ሁለት ሺህ ዋት ልትወስድ ትችላለች። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፣ ተጠቅልሎ ብዙ ጭነት ከተሸከመ ይግልና ላስቲኩ ይቀልጣል።

መብራት ከናካቴው ሲጠፋስ? ይህ እኛ አገር ድንገተኛ አይባልም፤ ስለዚህ በልምምድ ይገባል። ተዋናዩ ባለበት ይቆማል፣ የመድረክ መሪው ከመድረኩ ፊት ዳር የተቀመጡትን ሁለት ቻርጅ የተደረጉ መብራቶች ያበራል፣ ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል። ጄኔሬተር ካለ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ይነቀል።

ድምፅ ከስልክ የሚለቀቅ ከሆነ ስልኩ በበረራ ሁነታ ላይ ይሁን። በለቅሶ ትዕይንት መሃል የደወለ ዘመድ በድምፅ ማጉያው ተሰምቶ አዳራሹን ሲያስቅ ጥፋቱ የዘመዱ አይደለም። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ትርኢት መያዝ በገዛ እጅ መሸነፍ ነው፤ ዝናቡ ከመጣ ማይክሮፎንም አያድንም። ልብስ ላይ የሚሰካው ማይክ በነጠላ እየተፋተገ ስለሚንኮሻኮሽ ሁለት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ባይኖር ይሻላል፤ ድምፅ ማውጣትን ማሠልጠን ይቀላል።

ቁሳቁስ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ በነጭ ወረቀት ይሸፈንና ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታው ተከልሎ ስሙ ይጻፍበታል፦ ደብዳቤ፣ ዱላ፣ ሲኒ፣ የገቢር ሁለት ሻንጣ። ባዶ ክልል ካለ አንድ ነገር እንደጎደለ ከሩቅ ይታያል። የቡና ሥርዓት ባለበት ተውኔት የነደደ ከሰል አይግባ፤ ባልነደደው ከሰል ሥር ትንሽ ቀይ የባትሪ አምፖል ይበቃል። ዕጣን የግድ ከሆነ ጥቂት ፍም፣ ከመጋረጃ ሁለት ሜትር ርቆ፣ አጠገቡ አንድ ባልዲ አሸዋ። አዲስ ነጭ ነጠላ በመብራት ፊት ፊትን እስኪያጠፋ ያበራል፤ ቀጠን ባለ ሻይ ነክሮ ማድረቅ ነጸብራቁን ይገድለዋል።

የቤት ግድግዳ ለመሥራት ብዙዎች ባለ 1.22 በ2.44 ሜትር ቺፕውድ ይገዛሉ። ከባድ ነው፣ አንዴ ከተቸነከረም አይመለስም። የሞራሌ ፍሬም ላይ አቡጀዲ ወጥሮ ኮላ በተቀላቀለበት የውሃ ቀለም መቀባት ይቀላል፤ በምስማር ፈንታ በብሎን ከታሰረ ለሚቀጥለው ተውኔት ይፈታል። በር ሲዘጋ ግድግዳው የሚንቀጠቀጠው ከኋላው የሦስት ማዕዘን ድጋፍና አሥራ አምስት ኪሎ ያህል የአሸዋ ከረጢት ስለሌለው ነው።

ሁለቱ ምሽቶች እንግዲህ ለዚህ ነው የሚፈለጉት። የመጀመሪያው ምሽት ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 4፣ ግድግዳው ይቆማል፣ መብራት ይሰቀላል፣ ከዚያ ንግግሩ እየተዘለለ ከምልክት ወደ ምልክት ብቻ ይኬዳል። ለተዋናይ አሰልቺ ነው፣ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ይናደዳሉም። ሁለተኛው ምሽት በሙሉ ልብስ፣ በሰዓት ተይዞ፣ ምንም ቢፈጠር ሳይቆም ይሄዳል። ዘጠና ደቂቃ የተባለው ተውኔት ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚታወቀው በዚህ ምሽት ነው፤ ትርፉን ጊዜ በአብዛኛው የሚበላው የትዕይንት መቀያየሪያው ጨለማ ነው።

የአዳራሽ ኃላፊዎች የሚሰጡት ምክንያት የታወቀ ነው፦ ስብሰባ አለ፣ ጥበቃው ያመሻል፣ የመብራት ሒሳብ ማን ይከፍላል። ስብሰባው በአብዛኛው ቀን ነው። የጥበቃውን የማምሻ አበልና የመብራቱን ድርሻ ክበቡ ይክፈል፤ ገንዘቡ የለም እንዳይባል ለባነር፣ ለቲሸርትና ለክብር እንግዶች ወንበር ማስጌጫ የሚወጣው አለ። ባነሩ አንድ ይበቃል፣ እሱም በር ላይ።