ስለ ኮምቦልቻ የሚጻፍ አሳይመንት ከኮምቦልቻ ይጀምር

በየዓመቱ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጋመስ የምሠራበት ድርጅት በር ላይ ተማሪዎች ይበዛሉ። የትብብር ደብዳቤና የተባዛ መጠይቅ ይዘው ከደሴም ከዚሁ ከኮምቦልቻም ይመጣሉ። የማኔጅመንት፣ የአካውንቲንግ፣ የኢንፎርሜሽን ሲስተም፣ የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ልጆች ናቸው። ርዕሳቸው ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፤ የቢዝነስ ቴክኖሎጂ አጠቃቀምና የኢንዱስትሪው አዝማሚያ ነው። የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ስለሆንኩ መጠይቁን ከሚሞሉት አንዱ እኔ ነኝ። ጨርሰው ጽሑፋቸውን የሚያመጡልኝም ስላሉ አነባለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ብዙ ይደክማሉ። የሚያሳዝነኝ ድካማቸው የሚጀምርበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሁልጊዜ ከሩቅ ይነሳል። የዓለም የኢአርፒ (የአንድን ድርጅት ሂሳብ፣ ንብረትና ሽያጭ የሚያገናኝ) ሶፍትዌር ገበያ ስንት ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ፣ በየዓመቱ በስንት ፐርሰንት እንደሚያድግ ይዘረዘራል። ምንጩ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ጥናት የሚሸጡ ኩባንያዎች ድረ ገጽ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ሙሉውን ሪፖርት በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ፤ በነፃ የሚለቁት ገጽ ገዢ ለመሳብ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። የሦስት ኩባንያዎችን ገጽ ጎን ለጎን ከፍታችሁ ብታዩ ለአንድ ዓመት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዱ የሶፍትዌር ፈቃዱን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ሥልጠናና ጥገናውን ይጨምራል። እንዴት እንደቆጠሩ የሚያስረዳው ክፍል ደግሞ ያለው በሚሸጠው ሪፖርት ውስጥ ነው። በእኛ ሙያ ደጋፊ ሰነድ የሌለው ወጪ መዝገብ ላይ አይወጣም። ተማሪው ግን ስሌቱን ያላየውን ቁጥር የጥናቱ መሠረት ያደርገዋል።

ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ይመጡና መጠይቁን ያድላሉ። "ድርጅቱ የክላውድ ቴክኖሎጂን በአግባቡ ይጠቀማል" ይላል፤ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" አምስት ሳጥን ተደርድሯል። ወረቀቱ ለንብረት ክፍል ሠራተኞችም ይሰጣል። አንዲት ተማሪ አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ቀርባ "ጋሼ፣ የቱ ላይ ላድርግልዎት?" ስትላቸው፣ "ደስ ያለሽ ላይ አድርጊው ልጄ" አሏት። ምልክቱ መሃለኛው ሳጥን ላይ አረፈ። ያ ምልክት ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ፣ አማካይ ወጥቶለት፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ግኝት ይባላል።

እኒሁ ሰው ግን የሚናገሩት ብዙ ነበራቸው። ዕቃ ሲገባ ቢን ካርድ በሚባለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ በእጃቸው ይመዘግባሉ። የርክክብ ሰነዱን በስልክ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ወደ ሂሳብ ክፍል ይልካሉ። እኛ ኤክሴል ላይ እንጽፈዋለን፤ ወር ሲዘጋ ደግሞ እንደገና ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ውስጥ እናስገባዋለን። አንዱ ዕቃ ብዙ ቦታ ይጻፋል፣ መዝገቦቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ እንደገና ቆጠራ ውስጥ እንገባለን። ታዲያ ለምን ሁሉን የሚያገናኝ አንድ ሥርዓት አልተገዛም? ክፍያው በዶላር ስለሆነ፣ መብራት ስለሚቆራረጥ፣ የሠለጠነው ልጅ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ስለሚሄድ፤ ቴሌግራምን ደግሞ ከዘበኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም ስለሚያውቀው። የኢንዱስትሪው አዝማሚያ እዚህ አገር በተጨባጭ ሲታይ ይህን ይመስላል፤ ስለ እሱ ደግሞ ማንም የገበያ ጥናት ኩባንያ አይጽፍም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ይህን ነገር ብሎ የጻፈ አንድም የተማሪ ሥራ እስካሁን እጄ አልገባም።

የሞባይል ክፍያ ላይ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው፤ ዛሬ ደሴ ፒያሳ ካለው ጨርቅ ቤት እስከ ባጃጁ ድረስ ይከፈልበታል። አሳይመንቶቹ ግን ከሌላ አገር ጽሑፍ እየወሰዱ ወሳኙ ነገር የኢንተርኔት ተደራሽነት ነው ብለው ይደመድማሉ። እዚህ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በቴሌብር አጭር ቁጥር በ*127# መላክና መቀበል ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቅም። እናም እውነተኛው ጥያቄ ከነጋዴው ዘንድ ነው ያለው፦ በዚያ ጊዜ ስንቱ በ*127# ቀጠለ? ስንቱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተመለሰ? ኢንተርኔቱ ሲከፈት ወደ መተግበሪያው የተመለሰው የቱ ነው፣ የቀረውስ ለምን ቀረ? ይህን ደሴ ተቀምጦ የሚማር ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠይቆ ሊጽፈው ይችላል። ከናይሮቢም ከለንደንም የሚቀዳ አይደለም።

ስለ ዓመተ ምሕረት ጥቂት ልበል፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ ስንት ሥራ ታበላሻለች። ከአንድ ድርጅት የተወሰደ የ2016 በጀት ዓመት ሽያጭ ከብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ከተወሰደ የ2016/17 አኃዝ ጎን ተቀምጦ አይቻለሁ። በባንኩ የእንግሊዝኛ ሪፖርት 2016/17 የሚባለው የእኛ 2009 በጀት ዓመት ነው፤ የእኛ 2016 እዚያ 2023/24 ተብሎ ነው የሚጻፈው። በመሃሉ ሰባት ዓመት አለ።

እነዚያ ሰባት ዓመታት ደግሞ ለዚህ ከተማ እንዲሁ የሚዘለሉ አይደሉም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ተመረቀ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች፤ በዚያ ዕድል ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ቀረ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በዶላር የሚገዛ ሶፍትዌርም መለዋወጫም በብር ሲሰላ ዋጋው ናረ። በ2011 የተጻፈ ሪፖርት የጨርቃ ጨርቅ ዘርፉን ተስፋ ሰጪ ስላለው ብቻ ዛሬም ያንኑ ቃል መገልበጥ ይህን ሁሉ እንዳልነበረ መቁጠር ነው። ሥራ የፈታችውን እህቱን ቤት አስቀምጦ እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ አለ።

ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሯል። እሱ በምንጭነት የሚጠቅሰው ጽሑፍ ርዕስ ያምራል፣ የጆርናሉ ስም እውነተኛ ነው፣ ጽሑፉ ግን ሲፈለግ የለም። መሣሪያውን ይከልከሉ አልልም፤ ከባድ እንግሊዝኛ ለመረዳትም ሐሳብ ለማደራጀትም ይጠቅማል። ግን የሰጣችሁን ርዕስ የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ጻፉት። ካልተገኘ አውጡት። ከተገኘ ደግሞ ከፍታችሁ ቢያንስ መግቢያውንና መደምደሚያውን አንብቡ።

የሚታመን ምንጭ የለም የሚለውን አልቀበልም። የብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመትና የዓመት ሪፖርቶች በነፃ ይገኛሉ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የትላልቅና መካከለኛ ፋብሪካዎች የዳሰሳ ጥናት አለው። የዓለም ባንክ በ2011 እና በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ድርጅቶችን ጠይቆ ያወጣው መረጃ አለ፤ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ሳይቀር ይገኝበታል። ምን ያህል ልብስ ወደየት አገር እንደተላከ በተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት፣ በኮምትሬድ፣ መመልከት ይቻላል። እነዚህም ቢሆኑ ይዘገያሉ፣ ጉድለትም አላቸው፤ ግን እንዴት እንደተሰበሰቡ ተጽፎ ስለሚገኝ ተማሪው ሊመዝናቸው ይችላል።

መምህራንን የምለምነው ጥያቄውን እንዲቀይሩ ነው። "የዓለም የቢዝነስ ቴክኖሎጂ አዝማሚያን አብራሩ" የሚል ጥያቄ ራሱ ቅዳ ይላል። "ደሴ ሰኞ ገበያ ካሉ አሥር ጅምላ ነጋዴዎች ሂሳባቸውን በምን እንደሚይዙ ጠይቁ፤ አንድ ሶፍትዌር ገዝቶ የተወ ካለ ለምን እንደተወው ጻፉ" ቢባል ከየትም አይገለበጥም። አንድ መምህር በርካታ ክፍል ይዞ ሁሉን አንብቦ ማረም እንደሚከብደው አውቃለሁ። ስለዚህ በቡድን አምስት ገጽ ይበቃል፤ ከተሞላ መጠይቅ ይልቅ የቃለ መጠይቁ ማስታወሻ አብሮ ይያያዝ። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል።

ድርጅቶች ደግሞ በሩን መክፈት አለባቸው። ደብዳቤ ይዞ የመጣ ልጅ ጥበቃው ጋ ቁጭ ብሎ ቀኑ ይመሻል፤ ከገባም "ይህ የድርጅቱ ምስጢር ነው" ይባላል። የሽያጭ ዋጋና የደንበኛ ስም ምስጢር ሊሆን ይችላል። የትኛውን የሂሳብ ሶፍትዌር እንደምንጠቀም፣ መቼ እንደተገዛ፣ ንብረት ክፍል ለምን ዛሬም በእጅ እንደሚጽፍ መናገር ማንን ይጎዳል? ደብዳቤው ላይ "ይተባበሩት" ብሎ ፈርሞ ማሳለፍ አይበቃም፤ ግማሽ ቀን አብሮት የሚቆም ሠራተኛ ይመደብለት። ተማሪውም ጨርሶ ሲያስረክብ አንድ ቅጂ ለድርጅቱ ይስጥ። ሰኔ የበጀት መዝጊያና የቆጠራ ወር ስለሆነ ማንም ሰው ጊዜ የለውም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ቢመጡ ለሁለታችንም ይመቻል።