ሰው ይዘን እኮ ነው የመጣነው

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ንዴቱ ይብረድልኝ ብዬ ወራት ጠበቅኩ። አልበረደም። ስለዚህ እንዳለ ልንገራችሁ።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ቀበርን። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። በደርግ ጊዜ የእኛ የፕሮቴስታንቶቹ የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ጸሎቱ የሚደረገው እሳቸው ቤት ነበር፤ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፣ አንድ በአንድ ይወጣል። በር ላይ ብዙ ጫማ ከታየ ጎረቤት ይቆጥራልና ጫማው ተለቅሞ አልጋ ስር ይገባል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። "አንድ ቀን በር ከፍተን ጮክ ብለን እንዘምራለን እያልን ነበር የምንጸልየው" ይሉን ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጮክ ብለንም ዘመርን። ከዚያ እኛው መልሰን ዘጋነው።

የአጥቢያችን መሪዎች ለሁለት ከተከፈሉ ዓመት አልፏል። መነሻው የባንክ ሒሳብ ነው፤ ፈራሚው ማን ይሁን የሚል። ቀጥሎ የሽማግሌዎቹ የአገልግሎት ዘመን አልቋል አላለቀም ተባለ። ከዚያ ጠበቃ መጣ፣ ከዚያ የፍርድ ቤት እግድ። በመጨረሻ አንደኛው ወገን የአዳራሹን በር ቆለፈ፣ ሌላኛው ደግሞ "እኛ ሳናውቅ አይከፈትም" ብሎ የራሱን ቁልፍ ደረበበት። አንድ በር፣ ሁለት ቁልፍ። ሁለቱም ካልተከፈቱ ማንም አይገባም።

እማማ በዚህ መሃል ዐረፉ። ልጆቻቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስከሬናቸው ወደ መቃብር ከመሄዱ በፊት ግማሽ ሰዓት በዚያ አዳራሽ ይረፍ፣ ጸሎት ይደረግላቸው። ለሁለቱም ወገን ተነገረ። ሁለቱም "እሺ" አሉ።

ማክሰኞ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ የእድሩ ሰዎች አስከሬኑን ይዘው መጡ። በሩ ዝግ ነው። ካፊያ ጀምሯል። ሳጥኑን ከመኪናው አውርደው አጥሩ ሥር አግዳሚ ላይ አኖሩት። የእድሩ ሴቶች ዣንጥላቸውን ሳጥኑ ላይ ዘረጉና ራሳቸው ዝናብ ላይ ቆሙ። ሁለት ኦርቶዶክስ ናቸው፣ አንዷ ሙስሊም። የኛ ሰዎች ደግሞ በሁለት ጎራ፣ ግራና ቀኝ ስልክ ይዘን ቆመናል።

እኔም ደወልኩ። የኛ ሰብሳቢ "እነሱ ቀድመው ይክፈቱ" አሉኝ። ከወዲያ ማዶ ያለውም ወንድም ከስልኩ የሰማው ቃል ይኸው ነበር። ያንኑ ቃል በቃል!

የእድሩ ዳኛ ሙስሊም ናቸው፤ ትልቅ ሰው። ወደ እኛ መጡ፣ ወደ እነሱ ሄዱ፣ እንደገና ወደ እኛ መጡ። አልተቆጡም። "ልጆቼ፣ ሰው ይዘን እኮ ነው የመጣነው" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አርባ ደቂቃ ቆምን። ከዚያ ትልቁ ልጃቸው "በቃ፣ እናቴን አንሡልኝ" አለ። እዚያው መንገድ ላይ አንድ ወንጌላዊ አጭር ጸሎት አደረገ፣ ሳጥኑ ተነሣ።

አሁን ልንገራችሁ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ የኛ ወገን ቁልፍ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። አርባውን ደቂቃ ሙሉ በጃኬቴ ኪስ ይዤው፣ በጣቴ እየዳበስኩት ቆምኩ። "የኔ ብቻ ቢከፈት በሩ አይከፈትም" እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ውሸት ነው። የኔን ብከፍት እነሱ ምን ብለው ይቆማሉ? ይከፍቱ ነበር። ባይከፍቱ እንኳ እኔ ከፍቻለሁ። ግን ፈራሁ። "ወገኑን ከዳ" እንዳልባል ፈራሁ። እግዚአብሔርን ሳይሆን ሰብሳቢዬን ፈራሁ። እኔ እኮ ነኝ ወጣቶቹን አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ ስድስትን ያስተማርኳቸው። "ብትበደሉ አይሻልምን? ብትታለሉስ አይሻልምን?" ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። ደሞ በደንብ አስተምሬው ነበር።

ስለዚህ ስወቅሳችሁ ከናንተ ተሽዬ አይደለም።

ግን እወቅሳችኋለሁ። መሪዎች ሆይ፣ ጴጥሮስ "ማኅበሮቻችሁን በኃይል አትግዙ" ያለው ለማን መሰላችሁ? መሪነት ወንበር የሆነብን መቼ ነው? ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ሰብከው ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ወግ ያለው ቀብር ሳያገኙ የቀሩት ደርግ ስለከለከለ ነው። እማማን ማን ከለከላቸው? ወታደር አልነበረም። ካድሬ አልነበረም። እኛ ነበርን።

ምእመናንስ? "የመሪዎች ጉዳይ ነው" ብለን ዳር ይዘን እናያለን። ከዚያ እሑድ እሑድ የወደድነውን ወገን መርጠን እንሄዳለን። ያኛውን ወገን በስልክ እናማለን፣ ቪዲዮ እንቀባበላለን። በ2012 ዓ.ም. የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሲቋቋም "አንድ ሆንን" ብለን አጨበጨብን። አዋጅ ግን የአጥቢያ በር አይከፍትም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሲኖዶስ የአገር ቤትና የውጭ ተብሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተከፍሎ ኖረ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ እኔ ፕሮቴስታንቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አልቅሻለሁ። በሌላ ቤት እርቅ አለቀስኩ፣ በራሴ ደጅ ቁልፍ ይዤ ቆምኩ። ይህ ነው ሌሊት የሚያባንነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። ከቀብር ስንመለስ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ሰሃን ያጥባሉ። አንዷ ከኛ ወገን ናት፣ ሌላዋ ከእነሱ። ከዓመት በላይ ሰላም አልተባባሉም። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታለቀልቃለች። ብዙ አላወሩም። "ይቺን ድስት አቀብዪኝ" ሲባባሉ ግን ሰማሁ። ሰባቱን ቀን አብረው ሠሩ። ሰባተኛው ቀን ማታ አንደኛዋ "እሮብ እሮብ እዚሁ እማማ ቤት ብንጸልይስ?" አለች። አሁን እሮብ እሮብ ይጸልያሉ። ዘጠኝ፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ሰው ይመጣል። ከሁለቱም ወገን። እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ቀን ጫማዬን ሳወልቅ አልጋው ስር ማየት አልቻልኩም።

ብዙ ተስፋ የለኝም፣ እውነቱን ልናገር። ደክሞኛል። ክሱ አሁንም ፍርድ ቤት ነው። ሰብሳቢያችን ይህን ሲያነቡ ቁልፉን መልስ ይሉኛል። አልመልስም። የፊታችን እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩ ጋ እሆናለሁ። የኔን ከፍቼ፣ እዚያችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ወንድሞቼ፣ የናንተን ይዛችሁ ኑ። ባትመጡ የሚቀጥለው እሑድም እመጣለሁ።