የ20 ዶላር በረዶ እና የ515 ሚሊዮን ዶላር በረዶ

የዲሲ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቡናችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛው ጎዳና ላይ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ክርክር ይዘዋል። አንደኛው ልጁን ሆኪ ሊያሳይ ወስዶ ኪሱን አራግፎ ተመልሷል። "ሁለት ትኬት፣ ፓርኪንግ፣ ልጁ ደግሞ ኮፍያ ካልገዛህልኝ አለ" ይላል በጣቱ እየቆጠረ። "የተቀመጥነው ጣሪያው ሥር ነው። ሰዎቹ ጉንዳን ነው የሚያካክሉት። ኳሷንማ ጭራሽ አላየኋትም።" (ኳስ አይደለችም፣ ጥቁር ክብ ጎማ ናት። ግን ተናዶ ስለነበር አላረምኩትም።) ሁለተኛው "ሌቦች!" አለ። ሦስተኛው "ደግሞ እናድሳለን ብለው ቆፋፍረውታል፣ ሲጨርሱ እጥፍ ያደርጉታል" አለ። ሴትየዋ ስልኳን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

አላስቻለኝም። "የካፒታል ዋን አሬና ባለቤት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?" አልኳቸው።

"ሊዮንሲስ ነዋ።"

"ቡድኑ የሱ ነው። ቤቱ ግን የናንተ ነው።"

ሳቁብኝ። ይህን የምጽፈው ለሳቁብኝ ለአራቱና እነሱን ለምትመስሉ ሁሉ ነው። እኔም አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ስድቡን እንካፈለዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። አሬናው በዲሴምበር 1997 ሲከፈት ኤምሲአይ ሴንተር ይባል ነበር። ያኔ የቡድኖቹ ጌታ ኤብ ፖሊን ህንፃውን በአብዛኛው በግል ገንዘብ ነው ያቆመው። ቀጥሎ ቬራይዘን ሴንተር ተባለ፣ ከ2017 ጀምሮ ካፒታል ዋን። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡ ወደኛ ጠጋ ጠጋ እያለ መጣ። በ2007 የከተማው ምክር ቤት፣ ካውንስሉ፣ ለእድሳት 50 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ገንዘቡ ከየት መጣ? እዚያው አሬና ውስጥ በሚሸጠው ትኬትና ዕቃ ላይ ታክሱን ከ5.75 ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርገው። "ቤቱ ሲታደስ ትኬቱ ይወደዳል" የምትሉት ነገር ያኔ በሕግ ተጽፎ አልቋል። እኔ ያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። ወሬውን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ጣቢያውን ቀየርኩት።

ዲሴምበር 2023 ላይ ቴድ ሊዮንሲስ ከያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ከግሌን ያንግኪን ጋር ቆሞ የሆኪውን ካፒታልስንና የቅርጫት ኳሱን ዊዛርድስን ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ፣ እወስዳለሁ አለ። የ2 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ነበር። አሌክሳንድሪያ ያሉ ሰዎች ምን አደረጉ? ግቢያቸው ሣር ላይ "አሬና አንፈልግም" የሚል ምልክት ተከሉ። ስብሰባ ላይ ተሰለፉ። ለተመራጮቻቸው ደወሉ። የቨርጂኒያ ሴኔትም ገንዘቡን በበጀቱ ውስጥ አላስገባም አለ፣ ነገሩ በማርች 2024 ፈረሰ። እዚያ ሰፈር ስንት ሐበሻ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። አንድ ወዳጄ እዚያው አካባቢ ቤት አለው። "ምልክት ተከልክ ወይ?" ብለው "የጎረቤቴ ይበቃል" አለኝ።

በዚያው ወር፣ ማርች 27 ቀን፣ ከንቲባዋ ሚዩሪየል ባውዘር ከሊዮንሲስ ጋር ፈረመች። እድሳቱ 800 ሚሊዮን ዶላር፤ ከዚያ ውስጥ 515 ሚሊዮኑ ከከተማው፤ ቡድኖቹ እስከ 2050 ላይንቀሳቀሱ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ካውንስሉ አሬናውን በ87.5 ሚሊዮን ገዝቶ መልሶ እንዲያከራይ ተስማማ። ቤቱ የናንተ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡና አካፍሉት። የዲሲ ሕዝብ 700 ሺህ ገደማ ነው። 515 ሚሊዮን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ነፍስ፣ ጡት ለሚጠባው ሳይቀር፣ ከ700 ዶላር በላይ ይደርሳል። አራት ለሆነ ቤተሰብ ወደ 3 ሺህ ዶላር ተጠጋ። ያ ልጁን ሆኪ ያሳየው ሰውዬ በር ላይ በከፈለው ነው የሚናደደው። ከበሩ በፊት የከፈለውን አያውቀውም።

እስቲ ደግሞ ወደ ዕድራችን ልውሰዳችሁ። ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ኦዲተሩ ሪፖርት አነበበ። ለአንድ ለቅሶ ቤት ለመጠጥ ማቀዝቀዣ በረዶ ተገዝቷል፣ 20 ዶላር፣ ደረሰኝ የለውም። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "በረዶውን ማን ገዛው? ከየት ገዛው? እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ለስላሳው ትኩስ ነበር።" ሳቅ ሆነ። ግን አልተላለፈም። ገዢው ተጠራ፣ ተጠየቀ፣ መሐላ ደረሰ። በ20 ዶላር በረዶ ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆየን። በመጨረሻ ሰውየው ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጣላት።

እኔ በዚያ ቀን ኮራሁ፣ አልዋሻችሁም። እንዲህ ነው ገንዘብ የሚጠበቀው። ታዲያ ያቺ እናት፣ ያ ኦዲተር፣ ያ "ሥነ ሥርዓት!" እያለ የሚነሳ ሰውዬ፣ የ515 ሚሊዮኑ በረዶ ሲመጣ የት ሄዱ? ካውንስሉ የሚሰበሰብበት ዊልሰን ህንፃ ከዕድራችን አዳራሽ ይቀርባል። ሜትሮ ይወስዳል። "ለነዋሪው ርካሽ ወንበር ስንት ይቀመጣል? ለትምህርት ቤት ልጆችስ? እስከ ስንት ዓመት?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመሃላችን ጠፋ? ትልቁ ብር ሲፈረም ዝም ብለን፣ ትኬቱ በ12 ዶላር ሲጨምር ቡና ቤት እንጮኻለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። "ሆኪ የኛ ጨዋታ አይደለም።" ይሁን። የኛ ኳስ ነው፣ ሩጫ ነው። ግን ገንዘቡ የሚወጣው ከየት ነው? ከኪሳችሁ አይደለም እንዴ? ልጆቻችሁስ? የናንተ ልጅ ነው የሆኪ ኮከቡን የኦቬችኪንን ቀይ ማልያ ለብሶ የሚተኛው።

"ሥራ ይበዛብኛል" የሚለውን አላነሳም፣ ሁላችንም ሁለት ሥራ ነው።

"እንግሊዝኛዬ አይበቃም" ለምትሉ፣ ከ2004 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ የቋንቋ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጋር እኩል ተጽፎ ታየዋለህ። አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ልመና አይደለም። አማርኛችን እዚያ ወረቀት ላይ የወጣው ቀደም ያሉ ወንድሞችና እህቶች ስለታገሉለት ነው፣ እኛ ግን የምንጠቀምበት መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ብቻ ነው።

ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። "ስብሰባ" የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጠናል። ብዙዎቻችን ስብሰባን የምናውቀው በቀበሌ ነው። ትጠራለህ፣ ትቀርባለህ፣ ስምህ ይመዘገባል፣ የተወሰነው ይነበብልሃል፣ ታጨበጭባለህ፣ ትሄዳለህ። አፍህን ከከፈትክ ደግሞ ነገ በርህ ይንኳኳል። ከዚያ የወጣ ሰው ዝም ማለትን ጥበብ አድርጎ ቢይዝ አልፈርድበትም። "ዝም አይነቅዝም" ብለው ነው ያሳደጉን። ሆኖም እዚህ ከመጣን ስንት ዓመታችን ነው? ዜግነት ስንወስድ እጃችንን አንስተን ምለናል። ፎቶውን ፍሬም አስገብተን ሳሎን ሰቅለናል። ዝምታችን ግን እዚህ አገር ነቅዟል፤ ወንፊት ብትወስዱለት አይነፋም።

አንድ ነገር ልመን። አሬናው ወደ ቨርጂኒያ ቢሄድ ኖሮ ብዙዎቻችን እንጎዳ ነበር። ጨዋታ ባለበት ምሽት ቻይናታውን ሂዱና እዩ። ጋራዡ በር ላይ የሚያንፀባርቅ ጃኬት ለብሶ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ መኪና የሚያስገባው ሐበሻ ነው። ሰባተኛው ጎዳና ላይ ደንበኛ ለመጫን ተሰልፎ ከሚጠብቀው ሾፌር ስንቱ ሐበሻ ነው? ከኮቪድ በኋላ ዳውንታውን ምን ያህል ጭር እንዳለ የነዳ ያውቃል። ስለዚህ ከተማው እንዳይሄዱ መለመኑን አልነቅፍም። የምነቅፈው እኛ፣ በዚያ መንገድ ላይ የምንኖረው፣ ልመናው ስንት እንዳስከፈለ ሳንጠይቅ መቅረታችንን ነው።

ደግሞ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። ከተማው ከከፈለ ትኬቱ ይረክሳል የምትሉ አላችሁ። ጤፍ ሲረክስ እንጀራ ይረክሳል እንደሚባለው። ትኬት በዚህ አይሄድም። ካፒታልስ በመደበኛው ውድድር በሜዳው 41 ጊዜ ነው ሲጫወት የቆየው፣ ወንበሩ 18 ሺህ ከምናምን ነው። ዋጋውን የሚወስነው ሰው እስከ ስንት ይከፍላል የሚለው ነው። ማክሰኞ ከደካማ ቡድን ጋር ሲሆን ይወርዳል፣ ቅዳሜ ፒትስበርግ ከነኮከቡ ከክሮዝቢ ጋር ሲመጣ ይሰቀላል። እድሳት ደግሞ የሚያመጣው ሰፋ ያለ ወንበር፣ ልዩ ክፍል፣ የግል ባር ነው። ያ ሁሉ ጣሪያው ሥር ለሚቀመጥ ሰው የሚሠራ ይመስላችኋል?

እኔም ተሞኝቻለሁ። ኤፕሪል 4 ቀን 2025፣ ኦቬችኪን የግሬትስኪን የ894 ጎል ሪከርድ ላይ የደረሰበት ምሽት። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ "አባዬ፣ አባዬ" እያለ ለመነኝ። ስልኬን አውጥቼ አንድ የትኬት መሸጫ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ዋጋ ሌላ፣ ክፈል ስል የወጣው ሌላ። ሰርቪስ ፊ ይላል፣ የአገልግሎት ክፍያ መሆኑ ነው። ፕሮሰሲንግ ፊ ይላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል፣ ሦስት ደቂቃ ቀረህ፣ ሁለት ደቂቃ ቀረህ። ላቤ መጣ። ባለቤቴ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለኝ "ዝም በዪ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው" አልኳት። ከፈልኩ። አይቼው የማላውቀውን ስም ያለው ፊ ከፈልኩ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ትኬት ሻጭ ሙሉውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳይ ያስገድዳል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኮሚሽኑ አስተያየታቸውን ጽፈዋል። እኔ አልጻፍኩም። እናንተም አልጻፋችሁም። ሌላው ጻፈ፣ እኛ ተጠቀምን። የጎረቤቴ ይበቃል፣ እንደዚያ ወዳጄ።

ሆኪ የሀብታም ብቻ ነው ለሚል ደግሞ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ፎርት ዱፖንት አለለት። የሕዝብ የበረዶ ሜዳ ነው። ኒል ሄንደርሰን የሚባል ሰው በ1978 እዚያ ለጥቁር ልጆች ቡድን አቋቋመ፣ ካነንስ ይባላሉ። እሱም በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ልጄን ወስጄው አውቃለሁ። ሲወድቅ ሲነሳ ዋለ፣ ሱሪው ረጠበ፣ ቤት ሲገባ ስለኦቬችኪን አንድ ቃል አላነሳም። ለአሬናው ልዩ ክፍል ገንዘብ ሲፈስ "ለዚህኛው በረዶስ?" ብሎ የሚጠይቅ የሰፈር ሰው ያስፈልገዋል።

እና ነገሩ አላለፈም። በሴፕቴምበር 2025 ካውንስሉ አርኤፍኬ በሚባለው ቦታ የሚሠራውን አዲሱን የአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየም አጸደቀ። 65 ሺህ ወንበር፣ በ2030 ይከፈታል የተባለ፣ ከከተማው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚወጣበት። ያን ጊዜም ቡና ቤት ነበርን። አራት ዓመት ጠብቁና የፉትቦል ትኬት ስንት ሆነ ብላችሁ ትመጡብኛላችሁ።

እኔ በሚመጣው የበጀት ስብሰባ ለመናገር እመዘገባለሁ። የዕድራችንን እናት ጠይቄያቸዋለሁ፣ "ነጠላዬን ለብሼ ልምጣ ወይስ ካፖርት?" ብለውኛል። ነጠላዎን፣ አልኳቸው። ለአንድ ሰው የሚሰጡት ሦስት ደቂቃ ነው፣ እዚያም ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል። ከእሳቸው ጎን ክፍት ወንበር አለ። መግቢያው ነፃ ነው፣ ሰርቪስ ፊም የለውም።